የመቶ ሺህ ማይል ፍርሃት

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሊምፒክ እስከ ዊትወርዝ ባለችውና የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየማት አጭር መንገድ፣ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ምክር የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «መቶ ሺህ ማይል ካለፈ አትንካው።» ምክሩ ቀድሞ ከመጣው ወደ አዲስ ገቢው፣ ከአጎት ወደ እህት ልጅ፣ ከታክሲ ነጂ ወደ ፓርኪንግ ሠራተኛ ሲተላለፍ ኖሯል። የሚሰጠው በቅንነት ነው፤ ተቀባዩም አመስግኖ ይወስደዋል። ለምን መቶ ሺህ ሆነ፣ ለምን ሰማንያ ወይም መቶ ስልሳ ሺህ አልሆነም ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ይህ ምክር ስህተት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ማይል መኪናው ምን ያህል እንደሄደ ይናገራል፤ እንዴት እንደተያዘ አይናገርም። ገዢውን የሚጠቅመውም የሚጎዳውም አያያዙ ነው። ወገኖቻችን አንዲት ቁጥር ፈርተው ደህናውን መኪና ትተው ከባድ ዕዳ ውስጥ ሲገቡ፣ ወይም ማይሉ ትንሽ ስለሆነ ብቻ የተበላሸ መኪና በደስታ ሲገዙ፣ ብዙዎች ዕድልን ይወቅሳሉ። ሊወቀስ የሚገባው ምክሩ ነው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሠሩ አብዛኞቹ የአሜሪካ መኪኖች ማይል ቆጣሪያቸው አምስት አሃዝ ብቻ ነበረው፤ 99,999 ከደረሰ በኋላ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል። መኪና ከዚያ በላይ ይዘልቃል ተብሎ ብዙም አይጠበቅም ነበር። ሞተሩ በካርቡሬተር የሚሠራ፣ ዘይቱ እንደዛሬው ያልተሻሻለ፣ ቆርቆሮው ለዝገት ቶሎ እጅ የሚሰጥ ነበር። ለዚያ ዘመን መኪና መቶ ሺህ ማይል በእርግጥ እርጅና ነው። ዛሬ ግን ኤስ ኤንድ ፒ ግሎባል ሞቢሊቲ የተባለው ተቋም በ2024 ባወጣው ቁጥር መሠረት፣ በአሜሪካ መንገዶች ላይ ያሉ መኪኖች አማካይ ዕድሜ 12.6 ዓመት ደርሷል። አንድ መኪና በዓመት 12,000 ማይል ብቻ ይሄዳል ብለን ብናሰላ እንኳ በዚህ ዕድሜው 150,000 ማይል አልፏል። መቶ ሺህን የመጨረሻ ወሰን ያደረገ ሰው እንግዲህ በፍሪዌዩ ላይ ከጎኑ ከሚያልፉት መኪኖች ብዙዎቹን ጊዜያቸው አልፏል እያለ ነው፤ እነሱ ግን በየቀኑ ሰው ሥራ ያደርሳሉ።

ይህን ፍርሃት ከአገር ይዘነው አልመጣንም። መቶ ሺህ ማይል ወደ ኪሎ ሜትር ሲለወጥ 161,000 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያን ያህል የሄደ ኮሮላ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ መኪና የሚያውቅ ገዢ የሚያጣራው ሞተሩ ተከፍቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ቦዲው ተመትቶ እንደሆነና መኪናው በማን እጅ እንደነበረ ነው። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት ላዳ ታክሲዎች ከተማዋን ለአሥርት ዓመታት ያገለገሉት እየተጠገኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ከጣለና በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ፣ ያለውን መኪና ጠብቆ መያዝ ይበልጥ ግድ ሆኗል። እዚያ የመካኒክ ጉልበት ርካሽ ነው፣ እዚህ ውድ ነው የሚል መልስ ይሰጠኝ ይሆናል። እውነት ነው። የጉልበቱ ዋጋ የጥገናውን ሂሳብ ከፍ ያደርገዋል፤ አንድን መኪና ለማወቅ የሚጠየቀውን ጥያቄ ግን አይለውጠውም። አባቶቻችን በትክክል ይጠይቁት የነበረውን ጥያቄ ውቅያኖስ ስንሻገር መጣል አልነበረብንም።

መኪና የሚያልቀው በማይል ብዛት ብቻ አይደለም። ሞተር አብዝቶ የሚደክመው ቀዝቅዞ ሲነሳ፣ ዘይቱ ገና ሁሉም ቦታ ሳይደርስ ነው። ካምቢዮና ፍሬን የሚጎዱት በመቆምና በመነሳት ነው። ከላንካስተር ወይም ከፓምዴል ተነስቶ በየቀኑ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚመላለስ መኪና ጠዋት አንድ ጊዜ ይሞቃል፤ ከዚያ በኋላ በፍሪዌዩ ላይ በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ ይሄዳል። በዓመት 25,000 ማይል ቢሄድ በአራተኛው ዓመት መቶ ሺህ ይሞላል፤ ሞተሩ ግን የተነሳበት ጊዜ ከማይሉ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ ብዙ አልተሠቃየም። በአንጻሩ አሥር ዓመት ሙሉ በፌርፋክስ፣ በፒኮና በላ ብሬያ መካከል አጭር አጭር መንገድ ብቻ የተነዳ፣ በየመብራቱ የቆመ፣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚጠፋ መኪና 50,000 ማይል ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በላይ ደግሞ ጊዜ የራሱን ሥራ ይሠራል፦ ላስቲኩ ይደርቃል፣ የጎማው ጎን ይሰነጠቃል፣ የራዲያተሩ ፈሳሽ ኃይሉን ያጣል። ጎማው መቼ እንደተሠራ በጎኑ ላይ በአራት አሃዝ ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። «አንዲት አሮጊት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሲሄዱበት የነበረ» እየተባለ የሚወደሰው ዝቅተኛ ማይል ያለው መኪና እንዲህ ያሉ ነገሮች ሳይታዩለት ከሌላው በላቀ ዋጋ ይሸጣል። የሎስ አንጀለስ አየር በዚህ ረገድ ለገዢ ያደላል፤ መንገዱ ላይ ጨው አይበተንም፣ ዝናቡም ጥቂት ነው። ስለዚህ በሰሜን ምሥራቅ ክፍለ ግዛቶች ሆዱን ዝገት የሚበላው አሮጌ መኪና እዚህ ቆርቆሮው ጤነኛ ሆኖ ይቆያል።

አያያዝ ማይልን ምን ያህል እንደሚያሸንፍ ለማየት ኢርቭ ጎርደን የተባለውን የኒው ዮርክ መምህር ማስታወስ ይበቃል። በ1966 አዲስ የገዛው ቮልቮ ፒ1800 በ2013 ሦስት ሚሊዮን ማይል ሞላ። ይህ ብርቅ ነገር ነው፤ የእኛ ካምሪም እዚያ ይደርሳል ብዬ አልከራከርም። ያ መኪና ግን ከሌሎቹ የተለየ ብረት አልነበረውም፤ ባለቤቱ ዘይቱንና ጥገናውን በሰዓቱ ያደርግ ነበር።

በሌላ በኩል፣ ማይሉ ትንሽ ሆኖ የተበላሸ መኪና ምሳሌ በጣም ብዙ ነው፤ ለክርክሬም ዋናው ማስረጃ ይህ ነው። ሃዩንዳይ በ2011 እና በ2012 ሞዴል ሶናታዎቹ ላይ በ2015 ሪኮል (የፋብሪካ የጥገና ጥሪ) አወጀ፤ ሞተሩ በፋብሪካ ሲመረት የተረፈ ብናኝ ብረት የዘይቱን መንገድ እየዘጋ ሞተሩን እስከ መንከስ ያደርስ ነበር። በ2017 ሪኮሉ ወደ ሌሎች ሞዴሎችና ወደ ኪያም ሰፋ። ከእነዚህ መኪኖች ሞተራቸው መቶ ሺህ ሳይደርሱ የሞተባቸው ነበሩ። ፎርድ በፌስታ ላይ ከ2011፣ በፎከስ ላይ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ የገጠመው አውቶማቲክ ካምቢዮ በመንቀጥቀጡ በፍርድ ቤት እስከ መከሰስ አድርሶታል። ቶዮታም አላመለጠም፦ ከ2007 እስከ 2009 የተሠራው ባለአራት ሲሊንደር ካምሪ በፒስተን ቀለበቶቹ ችግር ዘይት ይበላል፤ ኩባንያውም ለዚሁ የዋስትና ማራዘሚያ ሰጥቶ ነበር። በደንብ የተያዘ የ2005 ኮሮላ 170,000 ማይል ላይ፣ ካልታደለ የ2012 ሶናታ 70,000 ማይል ላይ ቢቀርቡ፣ የመቶ ሺህ ማይል ምክር ገዢውን የሚልከው ወደ ሁለተኛው ነው። መኪናን ከመኪና የሚለየው የትኛው ሞተር፣ የትኛው ካምቢዮ፣ በየትኛው ዓመት ተሠራ የሚለው ነው። የታይሚንግ ቺንጋም እንዲሁ ነው፤ ቺንጋ ያላቸው የሆንዳ ቪ6 ሞተሮች ወደ መቶ ሺህ ማይል ሲጠጉ ቺንጋቸው መቀየር አለበት፤ ካልተቀየረ ሊበጠስና ሞተሩን ሊያበላሽ ይችላል። 95,000 ማይል ላይ ያለ፣ ቺንጋው ያልተቀየረ ሆንዳ 125,000 ላይ ሆኖ ከተቀየረለት ይልቅ አደገኛ ነው። ምክራችን ግን የመጀመሪያውን ያሳልፋል፣ ሁለተኛውን ይጥላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው፦ ሰው እጅግ የሚያምነው ያ ቁጥር በቀላሉ የሚዋሽ ቁጥር ነው። የአገሪቱ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ከ450,000 በላይ መኪኖች ማይላቸው ተቀንሶ እንደሚሸጡና ገዢዎች በዚህ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያጡ ይገምታል። ቆጣሪው ዲጂታል ሲሆን ማታለሉ ይቆማል ተብሎ ነበር፤ አልቆመም። መንግሥትም ስለተረዳው ሕጉን አጥብቋል። ቀድሞ ሻጭ ማይሉን በጽሑፍ የማረጋገጥ ግዴታ የነበረበት መኪናው አሥር ዓመት እስኪሞላው ነበር፤ ከጥር 2021 ጀምሮ ግን ለ2011 ሞዴልና ከዚያ በኋላ ለተሠሩት ወደ ሃያ ዓመት ተራዝሟል። አሁን አንባቢ ቆም ብሎ ያስብ። ማይል መቀነስ ለምን ያዋጣል? ገዢው ቁጥሩን አይቶ ስለሚወስን ነው። 140,000ውን 85,000 ያደረገ አታላይ በእጁ ሥራ ብቻ የሚያገኘው ሺህ ዶላሮች በሙሉ የእኛ ፍርሃት የከፈለው ገንዘብ ነው። ማይልን የማይፈራና ወረቀት የሚጠይቅ ማኅበረሰብ ዘንድ ይህ ሸቀጥ ገዢ ያጣል። ወረቀቱም አይጠፋም፦ በካሊፎርኒያ የመኪና ጭስ (ስሞግ) ምርመራ ሲደረግ የዕለቱ ማይል በወረቀቱ ላይ ይመዘገባል፤ የዘይት ለውጥ ደረሰኝም ላይ ይጻፋል። እነዚህን በቀን ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ብቻ ብዙ ውሸት ያጋልጣል። ቁጥሩ 60,000 ሆኖ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተበልቶ ካለቀም ሌላ ማስረጃ አያሻም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ይህ ምክር ሰውን አብዝቶ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። በዲቪ ሎተሪ የመጣ፣ እዚህ አገር ክሬዲት የሌለው ሰው ከአማካሪዎቹ «ማይሉ ትንሽ ይሁን» ተብሎ ዲለር ዘንድ ይሄዳል። እንበልና 35,000 ማይል የሄደ መኪና በ28,000 ዶላር፣ በ11 በመቶ ወለድ፣ ለ72 ወር ተበደረ። ክሬዲት ለሌለው ሰው 11 በመቶ ገር ግምት ነው። በወር ወደ 533 ዶላር ይከፍላል፤ በጠቅላላው ከ38,000 ዶላር በላይ ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ ከ10,000 በላይ የሆነው ወለድ ነው። አበዳሪው ደግሞ ሙሉ ኢንሹራንስ ካልተገባ መኪናውን አያስነሳም። ካሊፎርኒያ በጥር 2025 ለሌላው ወገን ጉዳት የሚገባውን ዝቅተኛ ኢንሹራንስ ለአንድ ሰው ከ15,000 ወደ 30,000 ዶላር ስላሳደገች ዝቅተኛውን ብቻ የሚገባ ሰው እንኳ ቀድሞ ከሚከፍለው በላይ መክፈሉ አይቀርም፤ ሙሉ ኢንሹራንስ ግን በዚያ ላይ ሌላ ሸክም ነው። በሌላ በኩል 140,000 ማይል የሄደ፣ ታሪኩ በወረቀት የተያዘ ካምሪ በ9,000 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ተገዛ እንበል። ገዢው በየወሩ 200 ዶላር ለጥገና ለብቻው ቢያስቀምጥ በስድስት ዓመት 14,400 ይሆናል፤ ከመኪናው ዋጋ ጋር 23,400 ዶላር። በሁለቱ መካከል 15,000 ዶላር ያህል ልዩነት አለ። እቁብ ለሚጥል ሕዝብ 9,000 ዶላር ያለ ወለድ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለመኪና ግዢ ከእቁብ የተሻለ ብድር በዚህ ከተማ የለም። «ውዱ መኪና በስድስተኛው ዓመት ሲሸጥ የተሻለ ዋጋ ያወጣል» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ያወጣል። ግን በ35,000 ጀምሮ በዓመት 12,000 ሲጨምር ያን ጊዜ እሱም 107,000 ላይ ነው፤ እኛው ባሰራጨነው ፍርሃት ምክንያት ዋጋው ይወድቃል። ፍርሃቱ ስንገዛ ያስወድድብናል፣ ስንሸጥ ያረክስብናል።

በዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ተገቢ ነው፦ ሌሊት የሚሠራ ሰው፣ ከሆስፒታል ወይም ከአየር ማረፊያ በእኩለ ሌሊት የሚወጣ ሰው፣ በ405 ፍሪዌይ ላይ መኪና ቢቆምበት ማን ይደርስለታል? ካምቢዮው ቢሞት ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ጋር ቢስተካከልስ? ይህ ፍርሃት መሠረት አለው። መድኃኒቱ ግን ዝቅተኛ ማይል አይደለም፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ሪኮሎች እንዳሳዩት ትንሽ ማይል ማንንም ከመንገድ ዳር አላዳነም። መድኃኒቱ ከግዢ በፊት መኪናውን ለራስ መካኒክ ማሳየት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይነሳ፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከሆነ ሌላ ቀን ይመለሱ። የኮምፕዩተር ምርመራው መኪናው ውስጥ ያለውን ስህተት ብቻ አይነግርም፤ ስህተቱ በቅርቡ ተሰርዞ እንደሆነም ያሳያል፤ ቼክ ኢንጂን መብራቱን አጥፍተው የሚሸጡ ሰዎች የሚያዙት በዚህ ነው። ምርመራው የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ ወር የመኪና ዕዳ ክፍያ እጅግ ያነሰ ነው። ወገኖቻችን ግን ሺዎችን ለወለድ እየከፈሉ ይህን ይቆጥባሉ። በካሊፎርኒያ ሕግ የስሞግ ማረጋገጫ ማቅረብ የሻጩ ግዴታ ነው፤ ወረቀቱም ከ90 ቀን በላይ የቆየ መሆን የለበትም። «አንተ ራስህ አስመርምረህ ውሰደው» የሚል ሻጭ ግዴታውን በገዢው ላይ እየጫነ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የደኅንነት ነው፤ ከሁሉም የምቀበለው ይህን ነው። መኪናው ሲንሸራተት ሚዛኑን የሚጠብቀው የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በአሜሪካ በሁሉም አዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው። የኋላ ካሜራ ግዴታ የሆነው በ2018 ነው። በታካታ ኤርባግ ሪኮል ደግሞ በዚህ አገር ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ የኤርባግ መንፊያዎች ተጠርተዋል፤ በተለይ ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩ አንዳንድ ሆንዳና አኩራዎች ላይ ያሉት እጅግ አደገኞች ናቸው፤ የሚቀየሩትም በነፃ ነው። እነዚህ ሁሉ ግን የሚወሰኑት መኪናው በተሠራበት ዓመትና ሪኮሉ በመፈጸሙ ነው። የ2003 ሲቪክ 40,000 ማይል ብቻ ሄዶ ኤርባጉ ሳይቀየር ሊቀመጥ ይችላል። የ2015 ካምሪ 150,000 ሄዶ ሁሉም ነገር ሊሟላለት ይችላል። ደኅንነትን የሚያስቀድም ሰው የመኪናውን መለያ ቁጥር በመንግሥቱ ድረ ገጽ አስገብቶ ያልተሠራ ሪኮል እንዳለ ያጣራ፤ በነፃ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

ማይል በእውነት የሚከብድበት ቦታ አለ፤ እሱን መደበቅ አልፈልግም። ፕሪየስ በታክሲና በኡበር ሥራ ላይ ላሉ ወገኖቻችን የተወደደ መኪና ነው፤ የትልቁ ባትሪ ዋስትና ግን በካሊፎርኒያ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ሲሞላ ያበቃል። እዚያ ቁጥር ላይ የደረሰ ፕሪየስ የሚገዛ ሰው የባትሪውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀንሶ መደራደር አለበት። ደግሞ «ቶዮታ አይሞትም» እያሉ 250,000 ማይል የሄደውን ያለ ምንም ወረቀት የሚያስገዙ አማካሪዎችን አልደግፍም። ከመቶ ሺህ ፈሪዎቹ ጋር የሚጋሩት አንድ ጥፋት አላቸው፤ ሁለቱም ቦኔቱን ሳይከፍቱ ይፈርዳሉ።

ስለዚህ ምክር ለምትሰጡ ታላላቆቻችን አንድ ልመና አለኝ። ቀጣዩ ልጅ መጥቶ «መኪናው መቶ ሠላሳ ሺህ ላይ ነው፣ ልግዛው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ስንት ዓመት በስንት ሰው እጅ እንደነበር፣ የዘይት ለውጡ ደረሰኝ እንዳለ፣ የባለቤትነት ወረቀቱ (ታይትሉ) «ሳልቬጅ»፣ ማለትም በከባድ ጉዳት የተጣለ መኪና የሚል፣ እንዳልሆነ፣ ሪኮሉ እንደተሠራ ጠይቁት፤ መካኒክም እንዲያሳይ ንገሩት። የምትሸጡም ብትሆኑ ደረሰኞቻችሁን አታቃጥሉ፤ ለገዢው ከመኪናው ጋር አስረክቡ። ገዢዎች ሆይ፣ ሻጩ መኪናውን መካኒክ እንዳያየው ከከለከላችሁ፣ ማይሉ 40,000 ቢሆንም ትታችሁት ሂዱ።